ክራርና በገና በካሴት ለመቅረጽ የትኛው ይሻላል? ዶልቢ ቢ፣ ሲ፣ ኤስ ወይስ ዲቢኤክስ?

የክራር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ክራርና በገና በቤቴ እቀርጻለሁ፤ የምቀርጸውም በካሴት ነው። በኮምፒውተር መቅረጽ እንደሚቀል አውቃለሁና እባካችሁ ወደዚያ አትውሰዱኝ። የካሴት ድምፅ ሙላቱን እወደዋለሁ፤ የማልወደው ሽውታውን ብቻ ነው። የክራሩ አውታር ተመትቶ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ጅራቱን ሽውታው ይውጠዋል። ለእኔ የክራር ውበቱ እዚያ ጅራቱ ላይ ስለሆነ በጣም ያበሳጨኛል።

ዴኬ (የካሴት መቅረጫዬ) በፈረንጆች በ1990ዎቹ የተሠራ ባለ ሦስት ሄድ ነው፤ መቅረጫውና ማጫወቻው ሄድ ለየብቻ ስለሆኑ እየቀረጸ የተቀረጸውን ያሰማል። ዶልቢ ቢ፣ ሲ እና ኤስ የሚባሉት የሽውታ መቀነሻዎች አሉት፤ ኤችኤክስ ፕሮ የሚልም ተጽፎበታል። በፊት ገጹ ላይ የባያስ (ሲቀረጽ ከሙዚቃው ጋር ወደ ክሩ የሚገባው የማይሰማ ምልክት) እና የቀረጻ መጠን ማስተካከያ ቁልፎች አሉት፤ እስካሁን አልነካኋቸውም። ዲቢኤክስ ዓይነት ሁለት የሚባል ሌላ የሽውታ መቀነሻ መሣሪያም ለብቻው የሚሸጥ አግኝቻለሁ፤ ዋጋው መልካም ነው፤ ከመግዛቴ በፊት ግን እናንተን ልስማ ብዬ ነው። በጆሯችሁ ያወዳደራችሁ ሰዎች ንገሩኝ። ሌላው ጉዳይ፣ ቅጂውን ለአጎቴ መስጠት እፈልጋለሁ፤ እሱ ያለው የመኪና ካሴት ማጫወቻ ብቻ ነው።

የድሮ ጠጋኝ

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ሽውታው ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ እሱ ካልገባ የቁልፎቹ ሥራ አይገባም። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ፊሊፕስ ካሴትን በ1963 በርሊን ላይ ሲያሳይ በዋናነት ያሰበው ለንግግር መቅረጫ ነበር። የክሩ ስፋት 3.81 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ስፋት ላይ በሁለት አቅጣጫ ሁለት ሁለት ቻናል ስለሚቀዳ ለአንዱ ቻናል የሚደርሰው 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱም በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በስቱዲዮ ትልልቅ ቴፖች ላይ ክሩ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሮጣል። ስለዚህ በካሴት ሄድ ፊት በአንድ ጊዜ የሚያልፉት የማግኔት ቅንጣቶች ጥቂት ናቸው። ቅንጣቶቹ ሲያንሱ የእነሱ ዝብርቅርቅ ድምፅ ከሙዚቃው አንጻር ይጎላል። ሽውታ የምንለው ይህንኑ ነው።

ሬይ ዶልቢ ድርጅቱን በ1965 ለንደን ውስጥ ሲያቋቁም መጀመሪያ የሠራው ለስቱዲዮ የሚሆነውን ዶልቢ ኤ ነበር። ለቤት የሚሆነው ቢ በ1968 መጣ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ጮክ ያለ ሙዚቃ ሽውታውን ራሱ ስለሚሸፍነው አይነካም። ዝግ ያለው ቀጭን ድምፅ ግን ሲቀረጽ እስከ 10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ከፍ ተደርጎ ክሩ ላይ ይጻፋል፤ ሲጫወት በዚያው ልክ ዝቅ ይደረጋል። ሽውታው የገባው በመካከሉ ስለሆነ አብሮ ዝቅ ይላል። ሙዚቃው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሽውታው ግን ከነበረበት ይወርዳል።

ሲ በ1980 የመጣ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ደረጃዎችን አከታትሎ፣ አንዱን ከፍ ባለ ሌላውን በዝቅተኛ የድምፅ መጠን ያሠራቸዋል፤ ቅነሳው ወደ 20 ዴሲቤል ይደርሳል። ሥራውንም ከቢ ሁለት ኦክታቭ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር መካከለኛውን ድምፅ ያጸዳል። ኤስ ደግሞ ኤስአር ከተባለው የስቱዲዮ ሥርዓት ተቀንሶ ለቤት የተዘጋጀ ነው። በቀጭኑ ድምፅ እስከ 24፣ በወፍራሙ እስከ 10 ዴሲቤል ይቀንሳል።

ኤችኤክስ ፕሮን ከእነዚህ ጋር አትቀላቅለው። ሽውታ አይቀንስም። ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን የሠሩት ነው፤ በቀረጻ ጊዜ ብቻ ባያሱን እንደ ሙዚቃው እያስተካከለ ቀጭን ድምፆች ክሩን ሳያጨናንቁ ከፍ ብለው እንዲጻፉ ይረዳል። ማጫወቻው ስለ እሱ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። ስለዚህ ለአጎትህ ቅጂም ይጠቅማል።

ባለ ሁለት ለአንድ

ጋሼ በደንብ አስረድተዋል፤ እኔ ግን ለዲቢኤክስ ልከራከር። መሣሪያውን ግዛው።

ዶልቢ ከፊሉን ብቻ ይነካል፤ ዴቪድ ብላክመር የነደፈው ዲቢኤክስ ግን ሙዚቃውን በሙሉ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ፣ ከዝቅተኛው እስከ ጮክ ያለው፣ በግማሽ ይጨምቀዋል። 80 ዴሲቤል የሚሰፋ ሙዚቃ ክሩ ላይ 40 ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲጫወት ወደ 80 ይመለሳል። ሽውታው 30 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ይህ ማለት በሙዚቃው መካከል ጸጥታ ሲሆን በእውነት ጸጥታ ነው። ቀረጻው ያለቀ መስሎህ ዴኩን ልትዘጋ ትነሣለህ።

ሌላም ጥቅም አለው። ጭመቃው በየትኛውም የድምፅ መጠን አንድ ዓይነት ስለሆነ እንደ ዶልቢ የማመሳከሪያ መጠን አይፈልግም። ክሩ ትንሽ ደካማ ቢሆን አጠቃላይ ድምፁ ቀነሰ እንጂ ቃናው አይበላሽም። መለኪያውን ወደ ቀይ መግፋትም አያስፈልግህም፤ ዜሮ አካባቢ ካቆምከው በቂ ነው።

የጭፈራ ቡድን ከነከበሮው፣ ከነጭብጨባው ቀርጬበታለሁ። ከምንጩ መለየት አቃተኝ።

መዝጋቢዋ

ወንድሜ ባለ ሁለት ለአንድ፣ ስለ ጸጥታው ያልከው ልክ ነው፤ ስለ ቡድኑም እስማማለሁ። ብዙ መሣሪያ አብሮ ሲጫወት የዲቢኤክስ ጉድለት ይሸፈናል። ጠያቂው ግን ቡድን አይደለም የሚቀርጸው፤ አንድ ክራር ነው። አንድ መሣሪያ ብቻውን ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

እኔ የቤተሰብ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የማስተላለፍ ሥራ ስለምሠራ ብዙ ዓይነት ቀረጻ በእጄ ያልፋል። ዲቢኤክስ ድምፁን በሙሉ በአንድ እጅ ነው የሚይዘው። ከበሮ ብቻውን ሲመታ አስቡት። ወፍራም ድምፅ ስለመጣ መሣሪያው ሁሉንም ይከፍታል፤ ሽውታውም አብሮ ይከፈታል። የከበሮው ድምፅ ወፍራም፣ ሽውታው ቀጭን ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ውጤቱ በእያንዳንዱ ምት ሽውታው እየተነፈሰ ሲወጣና ሲገባ መስማት ነው። የማያቋርጥ ሽውታን ጆሮ ለምዶ ይተወዋል፤ የሚተነፍስ ሽውታ ግን በየጊዜው ይጠራሃል። ዋሽንት ላይ ከዚህም ይብሳል፤ ንጹሕ ድምፅ ስለሆነ በዙሪያው ያለውን ሽውታ የሚሸፍንለት የለም።

ሁለተኛው ነገር፣ ሲጫወት መልሶ ሲዘረጋ ጥፋትንም አብሮ ይዘረጋል። ክሩ ላይ አቧራ ነክቶት ድምፁ 3 ዴሲቤል ቢወርድ በጆሮህ የምትሰማው የ6 ዴሲቤል ጉድጓድ ነው። ለአሮጌ ክር ይህ ከባድ ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። በዲቢኤክስ የተቀረጸ ካሴት ያለ ዲቢኤክስ አይደመጥም። ሁሉም ነገር ተጨምቆ፣ ቀጭኑ እየጮኸ፣ ዝግ ያለው ከጮኸው እኩል ሆኖ ይወጣል። የአንድ ቤተሰብ አባት ድምፅ በዚህ መልክ ደርሶኝ ያውቃል፤ መሣሪያው ከቤቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጆቹ ካሴቱ የተበላሸ መስሏቸው ሊጥሉት ነበር። የምትቀርጸው ነገር ከአንተ በኋላ ሌላ ሰው እንዲሰማው የምትፈልግ ከሆነ ሽፋኑ ላይ በምን እንደተቀረጸ በትልቁ ጻፍ። እባካችሁ ይህን ሁላችሁም አድርጉ፤ ቢም ይሁን ሲ፣ ምንም ካልተጠቀማችሁም «ያለ ዶልቢ» ብላችሁ ጻፉ። የዶልቢ የሁለት ዲ ምልክት የሌለበት ካሴት በእጄ ሲገባ በጆሮ መገመት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ባለ ሁለት ለአንድ

እህቴ፣ የዋሽንቱን ነገር አልክድም። ከበሮው ላይ ግን ጥሩ ክር ያለው ሰው ትንፋሹን እምብዛም አይሰማውም። ሽውታው ከመነሻው ዝቅተኛ ከሆነ የሚከፈተውም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ክር፣ ክሮም የሚባለው፣ 70 ማይክሮሰከንድ በሚለው የቃና ማስተካከያ ስለሚጫወት ከተራው ክር 4 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ሽውታ አለው። ዲቢኤክስን በርካሽ ተራ ክር ሞክሮ የሚፈርድበት ሰው ብዙ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ሰላም። እኔ ቢ፣ ሲ እና ኤስ ያለው ዴክ አለኝ፤ ዲቢኤክስም በተለየ ሣጥን አለኝ። ክራር፣ በገናና ማሲንቆ በአንድ ማይክሮፎን፣ በአንድ ዓይነት ክሮም ክር ቀርጬ አወዳድሬያቸዋለሁና በጆሮዬ የሰማሁትን ልናገር።

በገና ላይ ልዩነቱ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው። በድልድዩና በአውታሩ መካከል የሚገባው እንዚራ አውታሩን እያንዘረዘረ ድምፁን በቀጭን ጭረቶች ይሞላዋል። ያ ንዝረት ራሱ ሽውታውን ይሸፍነዋል። በቢ ብቻ የተቀረጸው በገና ከበቂ በላይ ንጹሕ ነው። ሽውታው የሚሰማው ደርዳሪው እጁን አንሥቶ ቃሉን ብቻ ዝግ አድርጎ ሲል ነው። ማሲንቆም እንዲሁ፤ ጭራው አውታሩን ሳያቋርጥ ስለሚያሸው ሽውታው መግቢያ የለውም። በሁለቱም ላይ ከቢ ወደ ሲ መሄድ ብዙ አልጨመረልኝም።

ክራር ግን ሁሉንም ያጋልጣል። በጣት ነጠላ አውታር ሲመታ ድምፁ በድንገት ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሳሳል። በቢ የድምፁ ጅራት ላይ ሽውታው ቀጭን ሆኖ ይሰማል። በሲ ሽውታው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ነገር ግን ጅራቱ ላይ ቃናው ትንሽ ይደበዝዛል፤ የክራሩ ጥርት ማለት ቀድሞ ይሞታል። በዲቢኤክስ ጸጥታው ፍጹም ነው፤ የአውታሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ግን ሽውታው ተከፍቶ ከጅራቱ ጋር አብሮ ሲዘጋ ይሰማኛል። በማዳመጫ ከሰማችሁት በኋላ ጆሯችሁ ሌላ ነገር መስማት አይፈልግም። በኤስ የክራሩ ጅራት እስከ መጨረሻው ክራር ሆኖ ቆየ። ትንፋሽ የለም፤ መደብዘዝ የለም። ለእኔ ኤስ ለነጠላ መሣሪያ የካሴት ምርጥ መፍትሔ ነው፤ ይህን ስናገር ምንም አልጠራጠርም።

ኤስ ለምን እንዲህ እንደሆነ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ሥርዓቱ ራሱ ብልህ ነው፤ የሚነካውን የድምፅ ክፍል ብቻ ነክቶ ሌላውን ይተወዋል። ሁለተኛው ደግሞ ዶልቢ ኤስን የሚገጥም ፋብሪካ ዴኩ ራሱ ከፍ ያለ የጥራት መመዘኛ እንዲያሟላ ይጠየቅ ነበር። ኤስ የተጻፈበት ዴክ ከመነሻው የተሻለ ዴክ ነው።

የክራር ልጅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስፈልግ የነበረው ይህንን ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሲ ላይ ቃናው ደበዘዘ ያልከው የሥርዓቱ ጠባይ ነው ወይስ የዴኩ? እኔም ሲን ስሞክር ክራሩ በጨርቅ የተሸፈነ መስሎ ተሰምቶኛል፤ ኤስን ስሞክርም በትንሹ እንዲሁ ነበር።

ሽቱትጋርት

መልሱን ለጋሼ እተዋለሁ፤ እኔ በመካከል ሃይ ኮም ስለሚባል ሌላ የሽውታ መቀነሻ ላስታውስ፤ ሁሌም ይረሳል። ጀርመን ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ቴሌፉንከን የሠራቸው ሃይ ኮም ያላቸው ዴኮች አሁንም ይገኛሉ። ቴልኮም ሲ4 ከሚባለው የስቱዲዮ ሥርዓት የወጣ ነው፤ እንደ ዲቢኤክስ ሰፊውን የድምፅ ክልል ይጨምቃል፤ ጭመቃው ግን ለዘብ ያለ ስለሆነ ትንፋሹ ያነሰ ነው። ናካሚቺም ሁለት ባንድ ያለው ሃይ ኮም ሁለት የሚባል ሣጥን አውጥቶ ነበር። ድምፁ ያምራል። ችግሩ የምታጫውትበት ሌላ ሰው ቤት አለማግኘትህ ነው። በዚያው ምክንያት የቶሺባ አድሬስም የሳንዮ ሱፐር ዲም ጠፍተዋል። የጄቪሲ ኤኤንአርኤስ ብቻ ለዶልቢ ቢ በጣም ስለሚቀርብ በቢ ቢጫወት አይጎዳም።

የድሮ ጠጋኝ

የክራር ልጅ፣ በጨርቅ የተሸፈነ መስሎ ከተሰማህ ጥፋቱ የሲ አይደለም። ያልነካኋቸው ያልካቸው ሁለት ቁልፎች ናቸው።

በሥራዬ ዘመን ሁሉ «ዶልቢ ድምፁን ያፍነዋል» የሚል ሰው ሳያጋጥመኝ የቀረበት ጊዜ የለም። ዶልቢ አያፍንም። ዶልቢ ሲጫወት የክሩን የድምፅ መጠን አይቶ ነው ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ የሚወስነው። ሲቀረጽ የነበረው መጠንና ሲጫወት የሚያገኘው መጠን እኩል መሆን አለባቸው። ለዚህ ነው ዶልቢ በ400 ኸርዝ የማመሳከሪያ መጠን ያስቀመጠው። ያስገባኸው ክር ዴኩ ከተስተካከለበት ክር በ2 ዴሲቤል ደካማ ከሆነ፣ ወይም ባያሱ በዝቶ ቀጭኑን ድምፅ ከበላው፣ መፍቻው (ሲጫወት ድምፁን ወደ ነበረበት የሚመልሰው ክፍል) «ይህ ዝግ ያለ ድምፅ ነው» ብሎ ከሚገባው በላይ ይቀንሰዋል። ያኔ ታፈነ ትላለህ። ቢ ይህን ስሕተት ትንሽ ያጎላዋል፤ ሲ ሁለት ደረጃ ስላለው ብዙ ያጎላዋል። በደንብ የተስተካከለ ቢ ካልተስተካከለ ሲ እጅግ ይሻላል። ይህን ከልቤ ነው የምልህ፤ ሰዎች ስለ ሥርዓቱ ስም ይከራከራሉ፤ እኔ ጋ ከመጡት ዴኮች አብዛኞቹ ግን የሚያስፈልጋቸው ማስተካከል ብቻ ነበር።

ባለ ሦስት ሄድ ስላለህ ቤትህ ውስጥ ልታስተካክለው ትችላለህ። መጀመሪያ ሄዶቹንና ጎማውን በአልኮል አጽዳ። ከዚያ የምትቀርጽበትን ክር አስገባ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ክር ቅረጽ፤ ክር በቀየርክ ቁጥር ሥራው እንደገና ይጀመራል። ዶልቢውን ዝጋ። የኤፍኤም ሬዲዮህን ጣቢያ በሌለበት ቦታ አቁመውና የሚሰጠውን ሽውታ ከዜሮ በ20 ዴሲቤል ዝቅ አድርገህ ቅረጽ። እየቀረጽህ በምንጩና በክሩ መካከል ተቀያየር። የክሩ ድምፅ ከምንጩ የደበዘዘ ከሆነ ባያሱን ቀንስ፤ የሳለ ከሆነ ጨምር። ቃናቸው ሲመሳሰል መጠናቸውን በቀረጻ መጠኑ ቁልፍ አስተካክል። አሁን ሲን ክፈትና እንደገና አወዳድር። ልዩነት ከሰማህ ባያሱን በትንሹ ነካ አድርገው። ሲ ላይ ምንጩና ክሩ ካልተለዩ ቢና ኤስ ያለ ጥርጥር ይስማማሉ።

አንድ ነገር አትርሳ፦ ኤምፒኤክስ የሚል ቁልፍ ካለህ ከኤፍኤም ስትቀርጽ ብቻ ክፈተው። የስቴሪዮ ሬዲዮ በ19 ኪሎ ኸርዝ የሚልከው ምልክት ዶልቢን ያሳስተዋል፤ ቁልፉ ያንን ይቆርጣል። ከማይክሮፎን ስትቀርጽ ግን ዝጋው።

አዲስ ጀማሪ

ይቅርታ፣ በመካከል ልግባ። የእኔ ዴክ ቢ ብቻ ነው ያለው፤ ሄዱም ሁለት ነው። ምንጩንና ክሩን እየቀያየርኩ መስማት አልችልም። እኔስ ምን ላድርግ?

የድሮ ጠጋኝ

ሽውታውን ለአጭር ጊዜ ቅረጽ፣ መልሰህ አጫውት፣ ከምንጩ ጋር አወዳድር፣ ቁልፉን ነካ አድርገህ ድገም። ይዘገያል እንጂ ይሠራል። የባያስ ቁልፍ ከሌለህ ደግሞ ክር ቀያይረህ ዴኩ የሚወደውን ፈልግ፤ ምንጩን የሚመስል ድምፅ የሰጠህን ክር በብዛት ግዛ። ሲ-120 የሚባለውን ረጅም ክር አትንካ፤ ቀጭን ስለሆነ ይጠመጠማል።

መዝጋቢዋ

ለአዲስ ጀማሪ ከእኔም አንድ ነገር፦ ሌላ ዴክ ላይ የተቀረጸ ካሴት ስታጫውት ዶልቢውን ከመክፈትህ በፊት አዚመቱን አስተካክል። የሄዱ አቀማመጥ ሲቀረጽ ከነበረው ጥቂት ካዘመመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ዶልቢ ደግሞ የጠፋውን ጨምሮ ያጠፋዋል። ዶልቢውን ዘግተህ፣ ሁለቱን ቻናል አንድ ላይ አድርገህ፣ በሄዱ ጎን ያለውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርክ ድምፁ በጣም የጠራበት ቦታ ላይ አቁም። ከዚያ ዶልቢውን ክፈት።

የክራር ልጅ፣ ለአጎትህ ቅጂ ቢን ምረጥ። የመኪናው ማጫወቻ ዶልቢ ባይኖረው እንኳ ቢ ያለ መፍቻ ትንሽ ሳል ብሎ ይሰማል እንጂ አይበላሽም፤ በሞተርና በመንገድ ድምፅ መካከል መሳሉ እንዲያውም ይረዳል። ኤስም በቢ መፍቻ ሲጫወት ይደመጣል። ሲን ግን ያለ መፍቻ አትስጠው፤ ዝግ ያለው ሁሉ እየጮኸ ይወጣል።

የክራር ልጅ

ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ። ባያሱ ለዚህ ክር በጣም በዝቶ ነበር፤ ዶልቢ ሳይከፈት እንኳ ምንጩና ክሩ ይለያዩ ነበር። አሁን በኤስ ክራሩን ቀርጬ ስሰማው ጨርቁ የለም። ሲም ተሻሽሏል፤ በማዳመጫ ካልሆነ በድምፅ ማጉያ ከኤስ መለየት ይከብደኛል። ዲቢኤክሱን አልገዛም፤ ለቡድን ቀረጻ ሲያስፈልገኝ ባለ ሁለት ለአንድን አማክራለሁ።

ለራሴ በኤስ፣ ለአጎቴ በቢ እቀርጻለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ለአጎቴ የምሰጠውን ከኤሱ ካሴት ልገልብጠው ወይስ እንደ አዲስ ተጫውቼ ልቅረጸው?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁለተኛ ዴክ ካለህ ከኤሱ ገልብጠው። ኤሱን በመጀመሪያው ዴክ ፈትተህ አጫውት፤ በሁለተኛው ላይ ቢን ከፍተህ ቅረጽ። በኤስ የተቀረጸው ካሴት የሚጨምረው ሽውታ ትንሽ ስለሆነ ከቢው ሽውታ በታች ይቀራል፤ አጎትህ ሁለት ጊዜ መቀረጹን አያውቅም። ካልፈታኸው ግን ሁለቱ ጭመቃዎች ይደራረባሉ፤ መጀመሪያ መፍታቱን አረጋግጥ።

መዝጋቢዋ

ሽፋኑ ላይም «ዶልቢ ቢ» ብለህ ጻፍበት።